ፊደል ቆጥረው ማንበብ ላልቻሉ ልጆች የክረምት ቡድን እንዴት ይዋቀር?

ጥያቄው ከሰላ ድንጋይ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ መምህርት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በሰኔው ፈተና 13 ልጆች መልሱ ቀርቶ ጥያቄውን ማንበብ አቅቷቸው ወረቀቱን ባዶውን መለሱልኝ። ሐምሌና ነሐሴን ሰብስቤ ላግዛቸው አስቤያለሁ። ርእሰ መምህሩ አንድ ክፍል ፈቅዶልኛል፤ 11ኛ ክፍልን የጨረሱ ሁለት ወጣቶችም ሊያግዙኝ ተስማምተዋል። በጀት የሚባል ነገር የለም። በአንድ ቡድን ስንት ልጅ ይሁን? በሳምንት ስንት ቀን? ከሀ ሁ ልጀምር ወይስ የ4ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ልከልስላቸው?»

መምህርት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ የሌሎቹም መልስ ከእሱ ይወጣልና። ሁለቱንም አያድርጉ። የ4ኛ ክፍሉ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ እጃቸው ላይ ነበር፤ በአሥር ወር ያልደፈሩትን በስድስት ሳምንት አይደፍሩትም። ሁሉንም ሰብስቦ ከሀ ሁ መጀመር ደግሞ ደህና መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ ሀ ሁን እንደ መዝሙር ሳይወጡት አይቀሩም። የሚያውቁት ይሰለቻሉ፤ የማያውቁትም በጓደኞቻቸው ድምፅ ተከልለው አብረው ሲያዜሙ ይከርማሉ። ክረምቱ አልቆም ማን የት ላይ እንደቆመ ሳይታወቅ ይቀራል።

ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። መሐል ሜዳ አካባቢ ለአንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ «ዝናብ» የሚለውን ቃል እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ጣቷን «ዝ» ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው እጇ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጣቶቿ ትቆጥራለች፦ ዘ፣ ዙ፣ ዚ፣ ዛ፣ ዜ፣ ዝ። «ዝ» አለች። ወደ ቀጣዩ ተሻገረች፦ ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና። ከዚያ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ። «ብ» ላይ ስትደርስ «ዝ» ከአእምሮዋ ወጥቷል። ቀና ብላ አየችኝና «ነብር?» አለችኝ።

ይህችን ልጅ ፊደል አልቆጠረችም ማለት አይቻልም፤ 231ዱንም ከዳር እስከ ዳር ትወጣዋለች። ያቃታት ፊደሉን ከሰልፉ ነጥሎ ማወቅ ነው። ስንፍናም አይደለም፤ አንድ ቃል ለማንበብ እኛ አንድ ገጽ የምናነብበትን ያህል ትደክማለች። የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ሀ ሁ ሲያልቅ አቡጊዳ የሚያስከትሉት ለዚሁ ይመስለኛል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቤቱም (የፊደሉ ዘር) ይቀያየራል፣ ግዕዝና ካዕቡም (የመጀመሪያውና ሁለተኛው መልክ) ይዘላል፤ የሀ ሁ ዜማ ስለማያግዘው ልጁ ፊደሏን ራሷን ማየት ግድ ይሆንበታል። እርግጥ ሲደጋገም አቡጊዳም በቃል ይያዛል፤ ለዚያም ነው በስንደዶ እየዘለሉ «ይህችስ?» የሚሉት። በየክፍላችን ገበታው ተሰቅሎ የሚዜመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሀ ሁ ብቻ ነው።

ችግሩ የእርስዎ ክፍል ብቻ አለመሆኑንም ይወቁት። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከተሰጣቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ መማሪያ መጻሕፍቱ ተሻሽለዋል፤ በሌላ በኩል ኮቪድ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ በእኛ አካባቢም ትምህርት ቤት ለወራት የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከ13ቱ ልጆችዎ ውስጥ 1ኛና 2ኛ ክፍልን በስም ብቻ ያለፉ ይኖራሉ። እነዚህ ማንበብ ያቃታቸው ሳይሆን ማንበብ ያልተማሩ ናቸው፤ በአግባቡ ከያዟቸው በፍጥነት የሚራመዱትም እነሱ ናቸው። የክረምት ዕረፍት የተማሩትን ያስረሳል እየተባለ ብዙ ይጻፋል፤ ምን ያህል እንደሚያስረሳ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አሁን ድረስ ይከራከሩበታል። ለእርስዎ ልጆች ያ ክርክር ብዙም አይጠቅምም፤ ክረምቱ የሚያስፈልጋቸው ጨርሶ ያልያዙትን እንዲይዙበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም ሳያስተምሩ ያዳምጡ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ሌሎቹ በማይሰሙበት ቦታ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያስነብቡት። የሚያስፈልግዎ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ከላይ ከተለያየ ቤት የተቀላቀሉ 20 ፊደላት፤ ከሥሩ ልጁ በየቀኑ የሚሰማቸው 10 አጫጭር ቃላት (ላም፣ ውሻ፣ ገብስ፣ ቤቱ፣ ጭቃ የመሳሰሉ)፤ ከዚያ አጭር ምንባብ። ምንባቡን ከመጽሐፍ አይውሰዱት፤ በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን የመሰለ ራስዎ ይጻፉ፦

«ጉም ወረደ። ሜዳው አልታይ አለ። አለሙ በጎቹን ቆጠረ። አንድ በግ ጠፋ። አለሙ ‹ቡቺ!› ብሎ ውሻውን ጠራ። ቡቺ ሮጠ። ጓሳው ውስጥ ገባ። በጉ ከድንጋይ ሥር ተኝቶ ነበር።»

ሲያነብ አያርሙት። ምን ብሎ እንዳነበበ እንዳለ ይጻፉት። «በጎቹን»ን «በጉ» ካለ ይኸው የቃሉን መጀመሪያ አይቶ መጨረሻውን ገምቷል ማለት ነው። «ሮጠ»ን «ራጠ» ካለ ቤቱን ያውቃል፣ ሳብዕና ራብዕ (ሰባተኛውና አራተኛው መልክ) ግን ተምታተውበታል። «ሰ»ን «በ» ካለ ችግሩ የፊደሏ መልክ ላይ ነው። ሦስቱም በፈተና ወረቀት ላይ እኩል ዜሮ ያገኛሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። አንብቦ ከጨረሰ በኋላ «በጉ ለምን ከድንጋይ ሥር ተኛ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ምንባቡ ውስጥ አልተጻፈም፤ ብርድና ጉም የሚያውቅ የሰላ ድንጋይ ልጅ ግን ቃላቱ ከገቡት አያጣውም።

በመጨረሻ ሌላ አጭር ታሪክ እርስዎ አንብበውለት እንዲሁ ይጠይቁት። ሲሰማ የገባው ልጅ ሲያነብ ካልገባው ችግሩ ፊደሉና ቃሉ ላይ ነው። ሲሰማም ካልገባው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወይ ቋንቋው፣ ወይ ጆሮው። በቀወትና በኤፍራታና ግድም በኩል በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚነጋገሩ ልጆች ስላሉ እዚያ ላለ መምህር ይህችኛዋ ፍተሻ ከሁሉም ትቀድማለች።

ዓይንና ጆሮ ሳይታዩ አይለፉ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሳሳት፣ ከደብተር ሲገለብጥ ግን የማይሳሳት ልጅ ሩቅ አያይም ይሆናል። ደብተሩን አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋም እንዲሁ። ትራኮማ በክልላችን ምን ያህል እንደተስፋፋ ያውቁታል። ጆሮው የሚመግል፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅም አለ። እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት ከወላጅ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይላኳቸው፤ ስድስት ሳምንት ፊደል አስቆጥረው መነጽር መሆኑን በነሐሴ መጨረሻ ከማወቅ ይሻላል።

አሁን ቡድኑን ማዋቀር ይችላሉ። በዕድሜም በክፍል ደረጃም አይደልድሏቸው፤ በቆሙበት ቦታ ይደልድሏቸው። ተነጥለው የመጡ ፊደላት ላይ የቆሙት አንድ ቡድን፣ ፊደል እያወቁ ቃል መግጠም ያቃታቸው አንድ ቡድን፣ ምንባብ እየጎተቱ የሚያነቡት ደግሞ አንድ ቡድን። ይህ አሠራር ፕራትሃም የሚባለው የህንድ ድርጅት በሰፊው የሞከረው ነው። በቢሃር ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት የመንግሥት መምህራን ለአንድ ወር ልጆችን በዚህ መልክ አስተምረው የልጆቹ ንባብ ተለክቶ የሚታይ መሻሻል አሳይቷል። እኔ ከዚያ የምወስደው መምህራኑ እነዚያው መደበኛ መምህራን መሆናቸውን ነው። ያልተለመደው ነገር መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታ ለአንድ ወር ከላያቸው ላይ መነሳቱ ነበር። እርስዎም በክረምት ያለዎት ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

በቡድን ስንት ለሚለው፣ አራት ወይም አምስት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ማንበብ የተቸገሩ የ2ኛ ክፍል ልጆችን አንድ መምህር ለአንድ፣ ለሦስትና ለአሥር አድርጎ አነጻጽሮ ነበር፤ አንድ ለሦስቱ ከአንድ ለአንዱ የሚያንስ ውጤት አላሳየም፣ አንድ ለአሥሩ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እርስዎ ሦስት አስተማሪ 13 ልጅ አለዎት፤ አምስት፣ አራትና አራት ይሆናል። ፊደል ላይ የቆመውን ቡድን ራስዎ ይያዙት። ብዙ ቦታ የማየው ተቃራኒውን ነው፦ ዋናው መምህር ደህና የሚያነቡትን ይወስድና «እነዚህን ሀ ሁ አስቆጥራቸው» ብሎ የተቸገሩትን ለረዳት ይሰጣል። ከባዱ ሥራ ያ ነው፤ ልምድ ለሌለው ሰው አይሰጥም። ምንባብ እየጎተቱ የሚያነቡትን ወጣቶቹ ያለ ብዙ ችግር ይመሯቸዋል።

ለቡድኖቹ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» የሚል ስም አይስጧቸው፤ ልጆች የትኛው የሰነፍ ቡድን እንደሆነ በዕለቱ ይለዩታል። ጓሳ፣ ወፍ ዋሻ፣ አንኮበር ቢሏቸው በቂ ነው። በየሁለት ሳምንቱም እንደገና አስነብበው ወደፊት የተራመደውን ያሸጋግሩት።

የትንሽ ቡድን ጥቅሙ ልጅ ማነሱ ብቻ አይደለም። ክፍልዎ 60 ልጅ ቢሆንና የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለንባብ ቢውል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። በአራት ልጅ ቡድን 20 ደቂቃ ማለት ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ነው፤ በየቀኑ። አምስቱ ደቂቃ ግን ልጁ ካነበበበት ብቻ ነው የሚቆጠረው። አራት ልጆች ፊት ቆሞ እንደ ትልቅ ክፍል ሰሌዳ ላይ እየጻፉ «ሁላችሁም በሉ» ማለት ቡድኑን መልሶ ትልቅ ክፍል ያደርገዋል። ሰሌዳውን ይተዉት። ክብ ሠርተው ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ ከልጆቹ ጉልበት ሊነካካ ይገባል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ለስድስት ሳምንት። በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ከሚሆን ይህ በጣም ይሻላል፤ ፊደል የሚጸናው በየቀኑ ሲታይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዶፍ ሲወርድ ደግሞ የልጁን ድምፅ መስማት አይችሉም፣ የዚህ ሥራ ሁለመናው ግን መስማት ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባም ልጆቹ ቀትር ላይ ቅዳሴ ስለሚሄዱ ጠዋቱ አይነካባቸውም። ለቡሄ ሰሞን ግን አይታገሏቸው፤ ሆያ ሆዬ ከእርስዎ ይበልጣል። ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ልጆች ካሉ ወንዙ በሞላ ቀን ስለሚቀሩ ከወጣቶቹ አንዱ የማዶ ልጅ ቢሆንና እዚያው ቢያስነብባቸው ጥሩ ነው። ወላጆችንም ልጁን ለሙሉ ቀን አይጠይቋቸው። አረም አለ፣ ከብት አለ። «ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ታናሹ ይተካው» ሲባሉ እንቢ የሚሉ ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ይሠራል ወደሚለው። ለፊደል ቡድኑ ልዘርዝር፤ ሌሎቹ ከዚሁ ይቀነሳሉ።

የማካሮኒ ወይም የብስኩት ካርቶን መዳፍ በምታህል መጠን ቆርጠው በማርከር አንዳንድ ፊደል ይጻፉበት። ቤቶቹን በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል አይሂዱበት። በየዓረፍተ ነገሩ ከሚመላለሱት ይጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ከ፣ ወ፣ የ፣ ረ። መልካቸው የሚቀራረበውን በአንድ ቀን አያምጡ፤ «በ» እስኪጸና «ሰ» ትቆይ፣ «ተ» እስኪጸና «ቀ» ትቆይ። ከዚያ ምልክቱን ያሳዩዋቸው። ካዕብ በአብዛኛው ቀኝ ጎኗ ላይ ሰረዝ አላት፣ ሣልስ ቀኝ እግሯ ሥር፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት። ይህን ያስተዋለ ልጅ ሰባት ቤት ያወቀ ቀን አርባ ዘጠኝ ፊደል ለመድፈር አይፈራም። «ሩ»ና «ፉ»ን የመሳሰሉት አፈንጋጮች በኋላ ለብቻቸው ይመጣሉ። ራብዕና ሳብዕ ብዙ ያደናግራሉ፤ «ባ» ቀኝ እግሯ ረጅም፣ «ቦ» ግራ እግሯ ረጅም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልጁ በጣቱ እግሯን እየዳሰሰ ይለያቸው። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ነ»ና «ኘ»፣ «ደ»ና «ጀ» ደግሞ አናታቸው ላይ ባለው ሰረዝ ይለያሉ። ሞክሼ ፊደላትን በዚህ ክረምት ይርሷቸው። ልጁ «ሐምሌ»ን «ሀምሌ» ብሎ ቢጽፍ ደስ ይበልዎ።

ሳድስ ላይ ግን ጊዜ ይውሰዱ። ቅርጿ ሕግ የላትም ማለት ይቻላል፤ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አዘውትራ የምትመጣው እሷ ናት። በዚያ ላይ አንዳንዴ ድምፅ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። «ብርድ» የሚለውን ልጁ «ብእ፣ ርእ፣ ድእ» ብሎ ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱን ፊደል በትክክል ብሏል፣ ቃሉ ግን አልመጣም። እዚህ ላይ «ተሳሳትክ» አይባልም። «ፈጠን አድርገህ በለው፤ የምታውቀው ቃል እስኪሆን» ነው የሚባለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲለው ፊቱ ይበራል፦ «ብርድ!» ይህን ቅጽበት ልጁ ራሱ ሊደርስበት ይገባል፤ እርስዎ ቀድመው ከነገሩት ነገም ይጠብቅዎታል። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው። «ዋና» ጠብቆ ይሁን ላልቶ ፊደሉ አይነግርም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚነግረው። አላልቶ አንብቦ «ዋና መንገድ» ያለ ልጅ የማንበብ ስሕተት አልሠራም። «ትርጉም ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ራሱ ይመልሰዋል።

ለፊደሉ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ቀጥለው በካርዶቹ ቃል ይገንቡ። «በ»ና «ግ» ተቀምጠው «በግ»። «ግ» ተነሥታ «ጉ» ስትገባ «በጉ»። ከዚያ «በጎች»፣ «በጎቹ»፣ «በጎቹን»፣ «ከበጎቹ»። በአማርኛ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ቃሉ ከፊትም ከኋላም ይቀጠልበታል፣ የመጨረሻዋ ፊደልም መልኳን ትቀይራለች። ገምቶ ማንበብ የሚጀምረውም ቃል ሲረዝምበት ነው። በየቀኑ እንዲህ ያለ አንድ መሰላል ከሠሩ «አልተመለሱም»ን ሲያገኝ በጣቱ ሸፍኖ ከመካከሉ «ተመለሱ»ን ፈልቅቆ ማውጣት ይለምዳል። ለዚህ ሩብ ሰዓት ይስጡ።

ከዚያ ምንባብ፣ 20 ደቂቃ። በመጀመሪያ እርስዎ በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡላቸው፣ ቀጥሎ አብረው፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ያው አጭር ምንባብ በማግሥቱም ይደገም። መደጋገም የሚረዳው ልጁ ፊደል ፈልቃቂ ከመሆን ወደ ንባብ ሲሸጋገር ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ድምፁ ራሱ ይቀየራል። ይሁንና በቃሉ ይዞት እንዳይሆን አልፎ አልፎ ከመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር እየመዘዙ ያስነብቡት። በተለይ «ተረት ተረት፣ የላም በረት»ን በመሳሰለ ሁሉም በሚያውቀው ነገር አይፈትኑት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያነብልዎታል።

አሥር ደቂቃ ቃል ጽሕፈት፦ በዕለቱ ከተነበቡት አምስት ቃላት። ልጁ ምን እንደሚሰማ የሚታየው ሲጽፍ ነው። ቀሪውን 20 ደቂቃ ሦስቱን ቡድን አንድ ላይ አድርገው ታሪክ ያንብቡላቸው፤ ከሚያነቡት በላይ የሆነ፣ ደስ የሚል፣ ቃላቱም ከበድ ያሉ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ይዘለዋል። ፊደል ሲለቅም የሚውል ልጅ ንባብ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው ግን በዚህ ሰዓት ነው፤ የቃል ሀብቱም የሚያድገው በዚሁ ነው።

መጽሐፍ የለም አይበሉኝ። ልጆቹን ያስወሯቸው። «ትናንት በረዶ ሲጥል ምን ሆነ?» ይበሉና ልጁ የነገረዎትን በራሱ አነጋገር በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉት። በማግሥቱ ምንባቡ ይኸው ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ ውሻ፣ የእናቱ ባና ያለበት ምንባብ ሲያይ የማይሞክር ልጅ አላጋጠመኝም። በስድስት ሳምንት እንዲህ እየተጻፈ አንድ ደብተር ይሞላል።

ለወጣቶቹ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ጠዋት ሥልጠና ይስጧቸው። የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም። ልጁ ሲቆም በልባቸው እስከ ሦስት ይቁጠሩ፤ ወጣት ሰው ቶሎ መንገር ይቀናዋል። ካልመጣለት ቃሉን ሳይሆን ያቆመችውን ፊደል በጣታቸው ይጠቁሙት። ፊደሏን ካላወቃት ይንገሩት፤ ከዚያ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይነሣ። ከጎን የሚጮህ ልጅ ዝም ይበል። ኩርኩም የለም፣ «አንተ ድንጋይ» የለም። ደግሞም እያንዳንዳቸው ትንሽ ደብተር ይያዙና ልጁ የሳተውን በየቀኑ ይጻፉ፤ «አበበ፦ ቦ/ባ፣ ‹ቤታችን›ን ‹ቤት› አለ» ብሎ። ከትምህርቱ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ደብተሮቹን አብረው ያዩዋቸው። የነገው ትምህርት የሚወጣው ከዚያ ነው። እኔ የሰው የክረምት ቱቶሪያል እንዳይ ስጋበዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ደብተር ነው፤ ደብተሩ ከሌለ የሚማረው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

መሻሻሉን በአንድ ደቂቃ ይለኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ያነበበውን ያንኑ ምንባብና አንድ አዲስ ምንባብ በአራተኛውና በስድስተኛው ሳምንት በስልክዎ ሰዓት ይዘው ያስነብቡት፤ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ። በእንግሊዝኛ የሚጠቀሱትን «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚሉ ቁጥሮች አይጠቀሙባቸው፤ የእኛ አንድ ቃል የእነሱን ሦስት አራት ቃል ይሸከማል። ልጁን ከራሱ ጋር ብቻ ያነጻጽሩት።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ መጥቶ፣ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆኖ፣ እንደ ጓደኞቹ ያልተራመደ አንድ ሁለት ልጅ ሊኖር ይችላል። ትናንት ያወቃትን ፊደል ዛሬ እንደ አዲስ የሚያያት፣ በንግግሩ ግን ብልህ የሆነ ልጅ። ይህ ዲስሌክሲያ (ከብልህነት ማነስ ያልመጣ የማንበብ ችግር) ሊሆን ይችላል፤ ያንን መወሰን የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ ለወላጅም ስም አይስጡት። የሚረዳው ትምህርት ከላይ የተባለው ራሱ ነው፤ መጠኑ ይቀንሳል፣ ድግግሞሹ ይጨምራል። በቀን ሁለት ፊደል ብቻ፣ በጣት አሸዋ ላይ እየጻፈ፣ ድምፁን እያወጣ። ከቡድኑ ሳይወጣ በተጨማሪ አሥር ደቂቃ ብቻውን ያግዙት። «ባለ ቀለም መነጽር ያድነዋል» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘቡን ይቆጥቡለት።

ለወላጆች ምን ቃል ይገባል? ፊደል ላይ የነበሩት በነሐሴ መጨረሻ አጫጭር ቃላት ቢያነቡ፣ ቃል ላይ የነበሩት የአለሙን በግ ታሪክ ቢዘልቁት፣ የሚጎትቱት ሳይጎትቱ አንብበው ቢመልሱ ክረምቱ ተሳክቷል። የ4ኛ ክፍል መጽሐፍን ይወጡታል ብለው ግን አይናገሩ። ሁሉም አይደርሱበትም፤ ያኔ ወላጅ የሚያዝነው በልጁ ነው።

ክረምቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሐምሌ ላይ የት ነበር፣ አሁን ምን ያነባል፣ የትኞቹ ፊደላት ይቀሩታል፣ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ያስፈልገው እንደሆነ፣ ድምፅ አውጥቶ በክፍሉ ፊት ከመነሣቱ በፊት ምንባቡ አስቀድሞ ይሰጠው እንደሆነ። በመስከረም ገጹን ለ5ኛ ክፍሉ የአማርኛ መምህር በእጅዎ ይስጡና ከልጁ ጋር አምስት ደቂቃ አብረው ይቀመጡ። ለርእሰ መምህሩ አይስጡት፤ ፋይል ውስጥ ይቀራል።